ካወቀችበት ቀን ጀምሮ

ልብስ ሰፊዋ ዋርሳዋን ከሠርጓ ቀን ጀምሮ አትወደውም፤ እሱም አይወዳት። አንድ ሰኞ ጠዋት ሻንጣውን አንጠልጥሎ መጥቶ እረፍት ወጥቻለሁ፣ ትንሽ እናንተ ጋ ልሰንብት ሲል ባሏ ወንድሙን አቀፈው። አማቷ ልጃቸውን ስመው አልጠግብ አሉ። እሷ ወደ ስፌት ክፍሏ ተመልሳ የመኪናዋን ፔዳል መርገጥ ቀጠለች።

ሰውየው የሕንፃ ሥራ ፎርማን ነው። በማግስቱ ጃኬቱን አምጥቶ ደረቱ ላይ ያለውን የድርጅት ምልክት ንቀይልኝ አላት፤ ነቀለችለት። ከዚያ ወዲያ ነገሩ አላምር አላት። እረፍት የወጣ ሰው ደጅ ይወጣል፤ እሱ ግን መስኮት እንኳ አይጠጋም። ጺሙ ጉንጩን እስኪሸፍን አደገ። በር በተንኳኳ ቁጥር ጓሮ ወዳለችው ክፍል ሹልክ ይላል። ምግብ ሲቀርብ ግን የሚቀድመው የለም፤ ቀድሞም ጨው በዛ፣ ጨው አነሰ እያለ ያማርራል።

በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ቀን ያንኑ ጃኬት፣ የኪሱ ገበር ተቀዷል ብሎ ወረወረላት። ገበሩን ስትተረትር ሦስት የታጠፉ ወረቀቶች ወጡ። ሁለቱ የፍርድ ቤት መጥሪያ ናቸው። ሦስተኛው ከጠበቃው የተላከ ደብዳቤ ነው፤ በቀጠሮው ስላልቀረበ ዳኛው የመያዣ ትዕዛዝ አውጥተውበታል ይላል። ክሱም ተጽፏል። መወጣጫው ላልቷል ብለው የነገሩትን ሠራተኞች አልሰማም ብሎ እላዩ ላይ አስወጥቷቸው፣ እንጨቱ ተደርምሶ አንድ ግንበኛ እግሩን አጥቷል። ወረቀቶቹን እንደነበሩ አጥፋ መለሰች። ገበሩን ሰፍታ ጃኬቱን ሰጠችው።

ከደንበኞቿ አንዷ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናት። ቅዳሜ ቀሚሷን ለማስጠበብ ስትመጣ፣ ልብስ ሰፊዋ ስለ አንዲት ጎረቤቷ አወራቻት። ያቺ ጎረቤት ፖሊስ የሚፈልገው ሰው ቤቷ አስቀምጣለች፤ ምን ይደርስባታል? ጸሐፊዋ ሳትቸኩል አስረዳቻት። ሳያውቅ ያስጠጋ አይጠየቅም። አውቆ ያስቀመጠ፣ ለፖሊስ የዋሸ፣ ሰውየው እንዳይታወቅ መልኩን ወይም ልብሱን እንዲቀይር የረዳ ግን ይታሰራል። እናትና ወንድም ሲሆኑ ሕጉ የሥጋ ነገር ነው ብሎ ይራራላቸዋል።

«የወንድም ሚስትስ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«እሷ ሥጋ አይደለችም። ቤቱ በማን ስም ነው?»

ልብስ ሰፊዋ የቀሚሱን ጎን በመርፌ ቁልፍ ያዘች። የኪራይ ውሉ በራሷ ስም ነው።

ጸሐፊዋ በመስታወቱ ውስጥ አየቻት። «ለጎረቤትሽ ንገሪያት፤ የሚቆጠርባት ካወቀችበት ቀን ጀምሮ ነው። ለእኔ ግን ከዚህ በላይ አትንገሪኝ።»

እሑድ ምሳ ላይ አፍረጠረጠችው። ባሏ አቀረቀረ። ያኔ ገባት፤ እሱም እናቱም ከመጀመሪያው ቀን ያውቃሉ። ሳታውቅ የቆየችው ውሉን የፈረመችው ብቻ ናት። ሰውየው እስከ ነገ ቀትር ከጠበቃው ጋር ሄዶ እጁን ካልሰጠ ራሷ ጣቢያ እንደምትሄድ ነገረቻቸው።

«ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» አሉ አማቷ።

«አመዱ የተደፋው እኔ ቤት ነው፣ እማማ።»

ዋርሳዋ መብላቱን አላቋረጠም። ጣቢያ ከሄደች፣ ሁሉን ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር ብሎ ቃሉን እንደሚሰጥ፣ የጃኬቱን ምልክትም እንዳይታወቅ ብላ ነው የነቀለችው እንደሚል በዝግታ ነገራት።

«አብረን እንገባለን» አላት። «እዚያም ጨው ታበዢብኛለሽ።»

ባሏን አየችው። ባሏ ብርጭቆው ላይ ውሃ ጨመረ።

ሰኞ ጠዋት ከስፌት ክፍሏ ልትወጣ ስትል በሩ አልከፈት አላት። አማቷ ከውጭ ቆልፈው ቁልፉን ጉያቸው ከተውታል። ባሏ ሥራ አልሄደም፤ ኮሪደሩ ላይ ሲንጎራደድ ይሰማታል። ተቀምጣ የጸሐፊዋን ቀሚስ ጨረሰች። በምሳ ሰዓት ጸሐፊዋ መጥታ የመንገዱን መስኮት ስታንኳኳ፣ ቀሚሱን በብረቱ ፍርግርግ መሃል አሾልካ ሰጠቻት።

«ጎረቤት የሚባል የለም፤ እኔው ነኝ። ሰውየው ጓሮ ክፍል ነው። በሩን ቆልፈውብኛል።»

የጸሐፊዋ ፊት ጠቆረ። አትንገሪኝ ብላት ነበር። ቀሚሱን ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ ደህና ዋይ እንኳ ሳትላት ሄደች።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሁለት ፖሊሶች ወረቀት ይዘው መጡ። ወንድሜን ካየሁት ዓመት አልፎኛል ሲል ባሏን ሰማችው። ሰባት ዓመት አብራው ስትኖር እንዲህ ሳይንተባተብ መዋሸት እንደሚችል አታውቅም ነበር። በሩን በሁለት እጇ ደበደበች።

«አለ። ጓሮ ነው ያለው። እኔንም ክፈቱልኝ።»

ዋርሳዋ ተይዞ እንደዛተው አደረገ፤ ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር ብሎ ቃሉን ሰጠ። መርማሪው ግን ከውጭ የተቆለፈውን በር መዝግቦታል፤ ጸሐፊዋም ሳትወድ በግዷ መስክራለች። ልብስ ሰፊዋ ከሐሙስ እስከ ሰኞ ለምን እንደዘገየች ሦስት ጊዜ ተጠይቃ፣ ምስክር ተብላ ተለቀቀች። ባሏ በመዋሸቱ ተከሶ በገደብ ወጣ። አማቷ ልብሳቸውን ጠቅልለው ሴት ልጃቸው ጋ ሲሄዱ ደጃፉ ላይ ዞር ብለው፣ «የወለድኩትን በልተሻል፤ እንግዲህ ጥገቢ» አሏት። ባሏ ቤቱን ትቶ አልሄደም፤ ግን ከእሷ ጋር አንድ ማዕድ መቅረብ ተወ። የበላበትን ሳህን ራሱ አጥቦ፣ ከእሷ ሳህን ለይቶ ያስቀምጣል።

ለምስክርነት በተጠራችበት ቀን ከችሎቱ ደጅ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅ፣ በክራንች የሚሄድ ሰው መጥቶ አጠገቧ አረፈ። የሱሪው አንዱ እግር ከጉልበቱ በታች ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። እጥፋቱ ጠማማ ነው፤ ልታቃናለት እጇን በላት። ሰውየው የማን ወገን እንደሆነች ጠየቃት።

«የፎርማኑ ወንድም ሚስት ነኝ» አለችው።

ምን ልትመሰክር እንደመጣች ልትነግረው ስትል ሰውየው ክራንቹን አንስቶ ተነሣ። እየተንገዳገደ ሄዶ ወዲያ ማዶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ስሟ እስኪጠራ ድረስ ፊቱን ወደ እሷ አላዞረም።