የተሸከሙት ሰው

መጀመሪያ የተሰማው የቃሬዛ እንጨት ሲንቋቋ ነው፤ ቀጥሎ፣ "ትከሻ ለውጡ!" የሚል የደከመ ድምፅ። ባዘዘው በብቸና ጤና ጣቢያ አልጋ ላይ እንደ ተኛ ዓይኑን ጨፈነ። ትናንት እሱም የመጣው በዚሁ ድምፅ ሥር ነበር።

ከጉንደ ወይን አጠገብ ካለው ቀዬው ሲያነሡት ሆዱን በቢላ የሚቆርጡት ይመስለው ነበር። መንገድ ላይ ግን ሕመሙ እንደ ጉም ተነሣለት። ደመናው ከላይ ይሄዳል፣ እሱም ከታች ይሄዳል፤ ማን ማንን እንደሚከተል አይታወቅም። ምድርን ሳይረግጥ ያለፈባት ቀን ያቺ ብቻ ናት። "ዳንሁ፣ አውርዱኝ" ሊል አፉን ከፈተ፤ የተሸከሙትን የጎረቤቶቹን ላብ አየና መልሶ ገጠመው። ያን ሁሉ ዳገት ሰው አሸክሞ፣ "ደህና ነህ" ተብሎ በዕለቱ የሚመለስ ሰው በአገሩ ምን ስም እንደሚወጣለት ያውቃል።

የጤና ጣቢያው ረዳት ሐኪም፣ ድሬሰሩ ገብረ ሕይወት፣ ሆዱን ዳስሶ፣ "ምንም የለበትም" ሲል የተቆጣው ከተሸካሚዎቹ አንዱ ዳምጤ ነበር።

"ምንም? ጌታው፣ ትከሻዬን ቢያዩት 'ምንም የለበትም' አይሉም! ያስተኙልን እንጂ። መርፌም ይውጉልን። ምን ብለን እንመለስ?"

ገብረ ሕይወት በረጅሙ ተነፈሰ። ከቀሩት ጥቂት መርፌዎች አንዱን ወጋው፤ በቀረው አንድ አልጋም አስተኛው።

አሁን ዳምጤ በመስኮት ብቅ አለ። ተሸካሚዎቹ ግቢ ውስጥ ነው ያደሩት።

"አያ ባዘዘው፣ መርፌዋ ሠራች?"

"ትሠራለች።"

"ባትሠራ እኔው ራሴ እወጋዎት ነበር! ያን ዳገት!" ጓደኞቹ ከኋላው ሳቁ።

ድምፁ የተሰማው ቃሬዛ ገባ። ላዩ ላይ ያለችው ከሞጣ በኩል የመጣች ወጣት ናት፤ ትንፋሿ እንደ ወናፍ ይጮኻል።

"አልጋ የለም" አለ ገብረ ሕይወት። "እዚህ ወለሉ ላይ ሰሌን አንጥፉላት።"

"በዚህ ብርድ?" አለች እናትየዋ። "ሳንባዋን እኮ ነው፣ ልጄን!"

ድሬሰሩ ወደ ባዘዘው ዞር አለ፤ ወዲያው ዓይኑን ሰበረ።

ባዘዘው ጣሪያውን አየ። በቆርቆሮው ሽንቁር የምትገባው ብርሃን አንሶላው ላይ እንደ ትንሽ ደመና ትሄዳለች። እጁን አስቀመጠባት፤ አልቆመችም።

ተነሣ። አንሶላውን በመዳፉ አስተካከለ፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አደረገና ወጣ። ተሸካሚዎቹ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ።

"አያ ባዘዘው! ኧረ ወዴት ነው? ቃሬዛውን እናምጣ?"

በመካከላቸው አለፈ። ከበሩ ወጥቶ የጉንደ ወይንን መንገድ፣ እንደ ጤነኛ ሰው፣ በእግሩ ተያያዘው።