የፔርል ግራ ጉንጭ

«አንተ ልጅ፣ ብላ እንጂ! እንቁላል እኮ አይናከስም» አሉ ወይዘሮ ብሉማ፣ ሳህኑን ዘሊግ ጉልበት ላይ እያስቀመጡ።

ዘሊግ ስልሳ ሰባት ዓመቱ ነው። አርባውን ዓመት በዊኒፔግ ከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። ለሰማንያ አራት ዓመቷ ብሉማ ግን ያው የጎረቤት ልጅ ነው። ለሐዘንተኛ የሚሰጠውን የተቀቀለ እንቁላል አገላብጦ አየና መልሶ አስቀመጠው። በአይሁድ ወግ ከሚቀመጡት ሰባት የለቅሶ ቀናት ሦስተኛው ነበር። ሐዘንተኛ የሚቀመጥበት አጭር በርጩማ ወገቡን ጨርሶታል፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር የበረዶው ብርድ ገብቶ ቁርጭምጭሚቱን ይቆረጥመዋል። ሰው ይገባል፣ ያመጣውን ምግብ ያስቀምጣል፣ «ደግ ሴት ነበረች» ይላል፣ ይቀመጣል፣ ይወጣል። ዘሊግ አንገቱን ከመነቅነቅ በቀር አቅም አልነበረውም።

የሞተችው እህቱ ፔርል ናት፣ በአራት ዓመት የምትበልጠው። አንድ ልጇ ሊባ ከጎኑ ተቀምጣለች። ሁለቱም ደረታቸው ላይ የሐዘን ምልክት የሆነውን የተቀደደ ጥቁር ጥብጣብ አድርገዋል። የመተላለፊያው መስታወት እንደ ወጉ በአንሶላ ተሸፍኗል።

«አንድ ፎቶ እንኳ የላትም አሉ» አለች አንዷ ለቀስተኛ፣ ከወጥ ቤቱ በር ላይ በሹክሹክታ።

«ምን ይኖራታል? በሠርጓ ቀን እንኳ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አይደል እንዴ የቆመችው! ያ ጠባሳ…» አለች ሌላዋ።

ሊባ ሰማች። ወደ አጎቷ ዞር ብላ፣ «አጎቴ፣ ካሜራ ገዝተህ አልነበር? እማዬን አላነሳሃትም?» አለችው።

«አንስቻታለሁ።»

«ታዲያ አሳየኛ!»

«ቆይ… ሰዉ ይውጣ» አለ። ሰዉ ወጣ፤ አላሳያትም። በማግስቱም አላሳያትም።

ካሜራ የገዛው ባለፈው መኸር ነበር። ሐኪሙ እንደማትድን ቁርጡን የነገራት ቀን ፔርል ደወለችለት። «ለሊባ አንድ ፎቶ ልተውላት እፈልጋለሁ። ሌላ ሰው ፊት አልቀመጥም፤ አንተ አንሳኝ» አለችው። እሱ ደግሞ በዕድሜው ካሜራ ይዞ አያውቅም።

ሱቁ ውስጥ ማሪቴስ የምትባል ፊሊፒናዊት ሻጭ ሦስት ሌንሶች ደረደረችለት። «ለጀማሪ ዋናው ካሜራው አይደለም፣ ሌንሱ ነው። ይቺ ሠላሳ አምስት ሚሊሜትሯ ብዙ ታሳያለች፤ ፊት ላይ ተጠግተው ካነሱባት ግን አፍንጫውን ዱባ ታደርገዋለች። ይቺ ሃምሳዋ የጀማሪ ጓደኛ ናት፤ ርካሽ ናት፣ ብርሃንም ታስገባለች። ሰማንያ አምስቱ ደግሞ ፊትን ያሳምራል፣ ከጀርባ ያለውን ያደበዝዛል፤ ግን ራቅ ብለው መቆም አለብዎት። ቤቱ ሰፊ ነው?»

ዘሊግ ሦስቱንም ሌንሶች እያየ፣ «ከሁሉም ርቄ የምቆመው በየትኛው ነው?» አለ።

«በሰማንያ አምስቱ።» ሳቀች። «ሰውየውን ይፈሩታል እንዴ?»

እሱ አልሳቀም። ሰማንያ አምስቱን ገዛ።

የፔርል ወጥ ቤት የአውቶቡስ መተላለፊያ ታክል ነበረች። እሷ መስኮቱ ስር ተቀመጠች፤ እሱ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ሲል ጀርባው ከማቀዝቀዣው ጋር ተላተመ። በሌንሱ ውስጥ አንድ ዓይንና ግማሽ አፍንጫ ብቻ ይታየዋል።

«ግድግዳውን ጥሰህ ልትወጣ ነው? ማርሽ ቀይር እንጂ!» አለች ፔርል።

መጨረሻው ሳሎን ድረስ ሄዶ፣ በበሩ ክፍተት አነሳት። ፔርል ምስሉን ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየች። ከዚያ፣ «ይቺማ ከሩቅ የቀረች፣ አውቶቡስ ያመለጣት ሴት ናት» አለች። «መልሰው። የሚያስጠጋህን አምጣ።»

ማሪቴስ ሰማንያ አምስቱን ተቀብላ ሃምሳዋን ስትሰጠው፣ «አሁን እንግዲህ መጠጋት ነው» አለችው።

በስድስተኛው የለቅሶ ቀን ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። የመጣው ሁሉ ደክሟል፤ ወሬውም አልቆ ወደ ድሮ ጨዋታ ገብቷል። ብሉማ የወረቀት ኩባያቸውን ይዘው ጀመሩ።

«ፔርል በልጅነቷ ቀዥቃዣ ነበረች። እናቷ የፈላ ድስት አሸከመቻት፤ እሷ ግን መች ቀስ ትላለች፣ እየሮጠች! አዳለጣትና በግራ ጉንጯ… ጩኸቷ ከእኛ ቤት ተሰማ። ‹አትሩጪ› ቢሏት ሰማች?»

ሰዎቹ በሐዘን ፈገግ አሉ። ሊባም ፈገግ አለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የሰማችው ታሪክ ነው። ዘሊግ ግን የሊባን ፈገግታ አየ። በርጩማው ላይ እንዳለ፣ «አላዳለጣትም» አለ።

«ምን አልክ?» አሉ ብሉማ፣ ጆሯቸውን አስጠግተው።

«አላዳለጣትም። እኔ ነኝ የገፋኋት። ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ከረሜላ ከልክላኝ ተናድጄ ነበር። ድስቱን እንደያዘች ከኋላዋ ገፋኋት።»

ብሉማ ኩባያቸውን አስቀመጡ።

«ስልሳ አንድ ዓመት!» አሉ። «ስልሳ አንድ ዓመት ውሸት ሳወራ ቁጭ ብለህ ትሰማኛለህ?»

ሊባ ፊቷ ነጥቷል። «እማዬ ታውቅ ነበር?»

«ታውቅ ነበር።»

ሃምሳዋን ይዞ የተመለሰ ዕለት ነው እሱና ፔርል የተነጋገሩት። ጉልበቱ ከጉልበቷ ሊነካካ ሲቃረብ፣ ፔርል ቀስ ብላ ዞረች፤ ግራ ጉንጯን በሙሉ ለመስኮቱ ብርሃን ሰጠችው። የተጨማደደው ቆዳ ከዓይኗ ሥር እስከ አገጯ ወርዷል። ዘሊግ ካሜራውን አወረደ።

«ምን ሆንክ?»

«ምስሉ አልጠራ አለኝ።»

«ውሸታም። በሶፋም በማዕድም ሁልጊዜ በቀኜ ነው የምትቀመጠው። ያላየሁህ መስሎሃል? ዛሬ እየኝ።»

«ፔርል፣ እኔ እኮ ያን ቀን…»

«አውቃለሁ። እዚያው ነበርኩ አይደል?»

«ለምን አልተናገርሽም ታዲያ?»

«አባባ ቀበቶውን ሲፈታ አየሁት። ከሁለታችን የአንዳችን መቃጠል ይበቃል አልኩ።» ትንፋሽ አጥሯት አረፈች። «ለሊባም አልነገርኳትም። እሱ ያንተ ነው፤ ስትፈልግ ንገራት። አሁን አንሳኝ፣ ደክሞኛል።»

ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ አነሳት።

ዘሊግ በለቅሶው ላይ እውነቱን ከተናገረ በኋላ ሊባ ያን ቀን ሙሉ አላናገረችውም። ማታ ሰዉ ሲበተን ዘሊግ ካሜራውን ከፍቶ፣ ምስሉ እንደሚታይ አድርጎ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠላትና ቤቱ ሄደ።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ሐዘንተኞች ከበርጩማቸው ይነሳሉ፤ ወጥተው ሰፈራቸውን ይዞራሉ፤ ለቅሶው የሚያበቃው እንዲያ ነው። ሊባ ካፖርቷን ለብሳ በሩ ላይ ጠበቀችው። ዓይኗ አብጧል።

«አየሁት» አለች። «ከንፈሯ ላይ ያለው ምንድን ነው? ሳቅ ነው?»

«ልትሰድበኝ ስትል ነው ያነሳኋት።»

ሊባ ልትስቅ ብላ ተወችው። «እኔ የማውቃት እናቴ ናት። ባንተ ግን ተናድጃለሁ። ቶሎ የሚያልፍልኝም አይመስለኝም።»

«ተናደጂ።»

ወጡ። ብርዱ አፍንጫን ይበጥሳል። ሊባ ፈጠን ፈጠን እያለች ቀደመች፤ ዘሊግ ስድስት ቀን የታጠፈ ወገቡን እየጎተተ ከኋላ ቀረ። ሁለት ማዕዘን ዞሩ። ሦስተኛው ላይ መንገዱ መስታወት በመሰለ በረዶ ተሸፍኗል። ሊባ ተሻገረችና ቆመች። ዞራ አላየችውም። ወደ እሱ መለስ አለችና፣ ፊቷን ወደ ጎዳናው እንዳደረገች፣ እንዲይዘው ክርኗን ከጎኗ አራቅ አድርጋ ጠበቀች።

ዘሊግ ጓንቱን አወለቀና ክርኗን ያዘ።