ሞንታርቦው ስለ ምንትዋብ የተናገረው

የመንደሩ ሞንታርቦ ምንትዋብ መጥፋቷን ለሕዝብ ሲያስታውቅ፣ ምንትዋብ አጠገቡ ቆማ ለባሏ ለያፌት ሙዝ እየላጠችለት ነበር።

ጃፓን ገጠር ውስጥ እያንዳንዱ መንደር እንዲህ ያለ ሞንታርቦ አለው። ረጅም ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ይውላል። አመሻሽ ላይ የልጆች ዘፈን ያሰማል፣ ድብ ታይቷል ተጠንቀቁ ይላል፣ ከቤት ወጥተው የቀሩ ሽማግሌዎች ካሉ ስማቸውን ይጠራል። ያፌት ቋንቋውን ስለማይችል ለሱ ሁሉም ያው ነው፤ እንቅልፍ የያዛት ሴትዮ የምታወራ ነው የሚመስለው። ያን ቀን ግን በመሃል የሚስቱን ስም ሰማ። ከነአባቷ።

"ምን አለች?"

"ጠፍታለች አለች።"

"ማን?"

"እኔ" አለች ምንትዋብ። የተላጠውን ሙዝ ሰጥታው ጆሮዋን አቀናች። "ኢትዮጵያዊት ናት። ግራጫ ሄልሜት፣ ሰማያዊ ሳይክል። መጨረሻ የታየችው ተራራው ላይ ዋሻው አፍ ጋ ነው። ያያት ሰው ይንገረን ነው የምትለው።"

"ማነው ጠፋች ብሎ የነገራቸው?"

ማስታወቂያው ሁለቴ ነው የሚነገረው። እስኪደገም ጠበቀች።

"ባሏ" አለች።

ያፌት ደሙ ቶሎ የሚፈላ ሰው ነው። ሐዋሳ የባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ አለው፤ ደንበኛ አንድ ዋጋ ደጋግሞ ከጠየቀው "ወንድም፣ ሌላ ሱቅ ሞክር" ብሎ ያሰናብታል። አሁንም ወደ ምሰሶው አንጋጦ "ባሏ እኔ ነኝ፤ ለማንም ምንም አላልኩም" አለ፣ በአማርኛ። ምሰሶው ላይ የነበረ ቁራ ተነስቶ በረረ።

ምንትዋብ ቶቶሪ በሚባል የጃፓን ክፍለ ሀገር ስለ ደረቅ አፈር ስትማር ቆይታ ገና መጨረሷ ነው። ያፌት ሊወስዳት መጣ። ከመመለሳችን በፊት ገጠሩን በሳይክል እንየው ያለችው እሷ ናት። ሲነሱ የነገረችው አንድ ሕግ ነበር፤ ሁለት ሰው አብሮ ሲነዳ ቀርፋፋው ከፊት ይሆናል፣ ፈጣኑ ከኋላ። ሕጉ ጥሩ ነው፤ ግን እሱ ሐዋሳ ሜዳ ላይ ሲበር ያደገ ልጅ ነው። ከሚስቱ ኋላ እየተጎተተ ዳገት መውጣት አንጀቱን አሳረረው። የዚያን ዕለት ጠዋት ተራራው ላይ ተጣሉ። በምን እንደተጣሉ አሁን ቢጠይቁት አያውቅም፤ በካላማዳሪያ ሳይሆን አይቀርም። በንዴት ጥሏት ሄደ። መንገዱ ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፍበትን ዋሻ አለፈ፣ ቁልቁለቱን ፍሬን ሳይነካ ወረደ፣ ታች መጠጥ የሚሸጠው ማሽን ሥር ተቀምጦ ጠበቃት። ቆይታ መጣች። ምንም ሳትል መጣች። ተነስተው መንዳት ቀጠሉ። በቃ፣ የሆነው ይሄ ነው።

"ጠብቄሻለሁ እኮ" አለ አሁን፣ ሙዙን እንደያዘ። "ጥሎኝ ሄደ እንዳትይ።"

"ጠብቀኸኛል። አልተመለስክም እንጂ።"

"አንቺ ደሞ፣ ቃል ትሰነጥቂያለሽ።"

ከሩዝ ማሳው በኩል ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱ ሽማግሌዎች ብቅ አሉ። ሁሉም ረጅም የቀርከሃ ዘንግ ይዘዋል፤ ዘንጉን ውሃው ውስጥ እየከተቱ፣ እያወጡ፣ እየከተቱ ነው የሚራመዱት። ከፊት ያሉት ሞሪ ይባላሉ፣ የመንደሩ የእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኞች አለቃ ናቸው። ምንትዋብ ሄልሜቷን አውልቃ ቀረበቻቸው፤ የተባለውን ሁሉ መልሳ ለያፌት ትነግረዋለች።

"የምትፈልጓት እኔ ነኝ" አለቻቸው።

አቶ ሞሪ ከኪሳቸው ፎቶ አወጡ። ፎቶውን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ።

"በጣም ትመስያታለሽ" አሉ። "ጠፍተሽ ነበር?"

"አልጠፋሁም።"

"እንግዲያው አንቺ አይደለሽም። እኛ የጠፋችዋን ነው የምንፈልገው።"

"ባሏ እኔ ነኝ በያቸው!" አለ ያፌት።

"ያመለከትከው አንተ ነህ ወይ ነው የሚሉህ።"

"አይደለሁም።"

አቶ ሞሪ በጥርሳቸው መሃል አየር ሳቡ። እዚያ አገር ሰው ላይ እምቢ ማለት ሲከብዳቸው እንዲህ ነው የሚያደርጉት። "ባሏ የመንደሩ አዳራሽ ውስጥ ነው" አሉ። "እህል አልቀመሰም። በዚያ በኩል ካለፋችሁ አጽናኑት። ያገራችሁ ሰው ነው።" እንደገና እጅ ነስተው ዘንጋቸውን ውሃው ውስጥ ከተቱ።

ያፌት "በይ እንሂድ ከዚህ፣ ሳይክልሽ ላይ ውጪ" አላት። ባቡር ጣቢያው ካለበት ከተማ እስኪደርሱ የትም እንደማይቆሙ ነገራት። እሷም እሺ አለች። ግራና ቀኝ አዲስ የተተከለ ሩዝ፣ ከሥሩ ውሃ፣ ውሃው ውስጥ ሰማይ። መንገዱ ላይ መኪና የለም። የሚቀጥለው መንደር ሲደርሱ ሞንታርቦው ቀደማቸው።

ምንትዋብ እየነዳች ትተረጉምለት ጀመር፣ ድምጿ ከፍም ዝቅም ሳይል። "ግራ ጉልበቷ ሥር ጠባሳ አለ። ስትፈራ በአፍንጫዋ ታንጎራጉራለች። ዋሻ ስለምትፈራ ስትጠሯት ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ።"

ያፌት ጠባሳውን ያውቃል። ማንጎራጎሯንም ያውቃል። "ዋሻ ትፈሪያለሽ እንዴ?"

"አዎ።"

"መቼ ነገርሽኝ?"

"ለማንም ነግሬ አላውቅም።"

"ታዲያ ያ ሰውዬ በምን አወቀ?"

ትንሽ አሰበች። "ሲመለስ ዋሻው አፍ ላይ ቆማ መግባት አቅቷት አይቷት ይሆናል" አለች።

አይቷት ነው ያለችው፤ አይቶኝ አላለችም። ያፌት ይሄን ልብ ያለው ቆይቶ ነው፣ የሰውነቱ ላብ ከቀዘቀዘ በኋላ።

ከተማው መግቢያ ላይ አንድ ሱቅ አለ፣ በሩ በራሱ የሚከፈት ዓይነት። ያፌት ሲጠጋ ተከፈተለት። እሷ ስትከተለው ተዘጋ። ወደኋላ ተመለሰ፣ ተከፈተ፤ ወጣ፣ ክንዷን ይዞ አብረው ቆሙ፣ ተከፈተ፤ እሱ ሲያልፍ በመሃላቸው ተዘጋ። መስተዋቱን በጡጫ መታው። የሱቁ ልጅ እየሮጠች መጥታ በሩን በእጇ ጎትታ ከፈተችና ለምንትዋብ ብዙ ጊዜ ጎንበስ አለችላት።

"ምን ትላለች?"

"ይቅርታ እየጠየቀችኝ ነው። በሩ ሰው ሲያይ ነው የሚከፈተው አለችኝ።"

ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። ውሃ ጠጪ አላት፣ አልጠማኝም አለች።

"እንመለስ ያፌቴ" አለችው። "ያን ሰውዬ ልየው።"

"ሊመሽ ነው እኮ።"

"ፈራህ እንዴ?"

"እኔ? ምን ያስፈራኛል" አለ። ግን ፈርቶ ነበር፤ እንደዚያ ፈርቶ አያውቅም። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አጠገቡ ያለችው ምንትዋብ ምንትዋብ እንድትሆን። ባቡሩ ላይ ወጥቶ ሲያያት ቢያድር ይሄን አያውቅም። የሚያውቅ ሰው ካለ አዳራሹ ውስጥ ያለው ነው። ስለዚህ ሳይክሉን አዞረ።

አዳራሹ ደጃፍ ላይ ጫማ ይወለቃል። ውስጥ ሰሌን ተነጥፏል፣ የመንደሩ ሴቶች ሩዝ እየጠፈጠፉ ሳህን ላይ ይደረድራሉ። መሃል ላይ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። እስከ ወገቡ ጭቃ ነው። እጆቹ በእሾህ ተቧጭረዋል። የለበሰው ጃኬት የያፌት ነው፤ ያፌትም ያንኑ ጃኬት ለብሷል። ሰውየው ዞረ። ያፌት ነበር።

"አንተ ደሞ ማነህ?" አለ ያፌት።

"ያፌት ነኝ" አለ ሰውየው። ድምፁ ተዘግቷል፣ ቀኑን ሙሉ ሲጣራ የዋለ ሰው ድምፅ ነው። "አንተስ?"

"ያፌት።"

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ፣ የጠበቀው ነገር እንደሆነ ሁሉ። "አንተ ወረድክ ማለት ነው" አለ። "እኔ ቁልቁለቱ መሃል ላይ ሳይክሌን አዙሬ ተመለስኩ። ዋሻው አፍ ላይ ቆማ ነበር። ስጠራት ደንግጣ ሳይክሏን ጣለችና ገደሉን ይዛ ጫካ ገባች። እስካሁን የለችም።"

"መጥታለች እኮ! ይቻትና!"

ሰውየው ምንትዋብን አያት። ከእግሯ ጀምሮ ወደ ላይ፣ ቀስ ብሎ። ፊቷ ጋ ሲደርስ ዓይኑን ወደ ሰሌኑ መለሰ።

"ይቺ አይደለችም" አለ።

ያፌት አንገቱን አነቀው። የያዘው የራሱን ኮሌታ ነው፤ ሐዋሳ መናኸሪያ ውስጥ የተበጠሰበት ቁልፍ እዚህም የለም። "ቀኑን ሙሉ አብራኝ ነድታለች" አለ። "ሙዝ ልጣልኛለች። ምኗ ነው የማይመስለው?"

"ደክሟት ያውቃል?" አለ ሰውየው፣ እንደታነቀ።

ያፌት አሰበ። ከማሽኑ ወዲህ አንዴም ወደኋላ አልቀረችም። አላለከለከችም፣ ውሃ አልቀመሰችም፣ እንረፍ አላለችም። እሱ ደግሞ ተመስገን፣ በመጨረሻ ሳይክል ለመደች ብሎ ነበር። እጁን ከኮሌታው ላይ አነሳ።

ይሄኔ ውጭ ሞንታርቦው ጮኸ። አጭር ነበር። ሴቶቹ በቀስታ አጨበጨቡ፣ አንዷ ዓይኗን በሽርጧ ጠረገች።

"ምን አለች?" አለ ያፌት።

ምንትዋብ አልተረጎመችለትም። ጭቃ የለበሰው ያፌት ግን በባዶ እግሩ ወጥቶ እየሮጠ ነበር።

ያፌት እስከ ደጃፉ ተከተለው። በማሳዎቹ መሃል ባለው ቀጭን መንገድ ብርቱካናማዎቹ ሽማግሌዎች በሰልፍ ይመጣሉ። አቶ ሞሪ ሰማያዊ ሳይክል ይገፋሉ። ከኋላቸው ብርድ ልብስ የደረበች ሴት ታነክሳለች። ሰውየው ደርሶ ሲያቅፋት መጀመሪያ ደረቱን በጡጫ መታችው፣ ከዚያ ፊቷን እዚያው ደረቱ ውስጥ ቀበረች። ለቅሶዋ ይሰማል፤ በአፍንጫዋ ነው የምታለቅሰው። ያፌት ያን ለቅሶ ከሺህ ሰው መሃል ይለየዋል። ወደሷ መሮጥ ፈለገ። አንድ እርምጃ እንደተራመደ እጁ ተያዘ።

እጁን የያዘው እጅ ደረቅ ነበር፣ አይሞቅም፣ አይበርድም።

ሁለቱ ተደጋግፈው በፊቱ አለፉ። እሱ አፉን ከፈተ፣ ምንቴ ሊል ነበር። እሷ ግን ቆመች። ሰው አገር ያጋጠማትን የማታውቀውን ያገሯን ልጅ እንደምታይ አየችው፣ በደግነት። ከዚያ ዓይኗ ወደ ጎኑ ሄደ፣ እዚያው ቀረ። ባሏን በክንዷ ጠጋ አደረገችው።

"ወንድሜ" አለችው፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "እጅህን የያዘው ማነው?"

ያፌት ዞሮ አላየም። ጣቶቹ መሃል ቀስ ብለው ጣቶች ገቡ። ማሳው ውስጥ ሲንጫጩ የነበሩት እንቁራሪቶች፣ እግሩ ሥር ካሉት ጀምሮ እስከ ተራራው ድረስ፣ በየተራ ዝም አሉ።