አህያን ማን ይሸከማል?

ብሩክታይት ለቦሌው ሱቅ ቦርሳ ስትጠልፍ ዋልያውንም ቀይ ቀበሮውንም የምትቀዳው ከተላከላት ሥዕል ላይ ነበር። አህያዋን ግን ማንም አላዘዛትም። ከልቧ አውጥታ ጠለፈቻት፤ ጆሮዋ ረጅም፣ መልኳ ቡላ፣ ዓይኗ ትዕግሥተኛ። የኔ የምትለው የመጀመሪያ ሥራዋ ነውና ሱቁ ውስጥ ተሰቅላ ልታያት ጓጓች።

የሱቁ ባለቤት ሊድያ ቦርሳውን አገላብጣ አየችና ሳቀች። «ብሩኬ፣ ጥልፉስ ያምራል። ግን አህያ ትሸከማለች እንጂ አህያን ማን ይሸከማል? ጥቁር መስመር ጨማምሪባትና ዜብራ ትሁን። መስኮቱ ላይ እሰቅልልሻለሁ፣ ፕሮሚስ!»

ክፋት የላትም፤ ነጋዴ ናት። ብሩክታይት እስከ የካ አባዶ በሚኒባስ ስትንገላታ ለራሷ ምክንያት ስትደረድር ቆየች፤ ቤት እንደገባችም መርፌዋ ላይ ጥቁር ክር ሰካች። የጎዳት የአህያዋን ዓይን ቀድማ መጥለፏ ነው። መርፌውን በወጋች ቁጥር አህያዋ ቀና ብላ የምታያት መሰላትና አፈረች። ቢሆንም አንገቷ ላይ መስመሮቹን ጀመረች።

እናቷ ዘርፌ ልጃቸውን ያሳደጉት በአንዲት አህያ የሰው እህል ወፍጮ ቤት እያመላለሱ ነው። ኮንዶሚኒየም ሲገቡ ሸጧት። ከዚያ ወዲህ አንስተዋት አያውቁም፤ ለጎረቤት «ነጋዴ ነበርኩ» ነው የሚሉት። አሁን ቦርሳውን ከልጃቸው ጭን ላይ አነሡ።

«ቡላዬ ናት?»

«እሷ ናት፣ እማዬ።»

«ይሄ ጥቁሩስ?»

ብሩክታይት ሊድያ ያለቻትን ነገረቻቸው። ዘርፌ መቀስ አነሡና መስመሮቹን አንድ በአንድ ፈቱ። ክሩ ሲወጣ መርፌው የበሳው ቀዳዳ አህያዋ አንገት ላይ ቀረ።

«እዚህ ጋ ገመዱ ልጧት ነበር» አሉ በጣታቸው እየዳሰሱት። «እኔ ነኝ አጥብቄ ያሰርኳት።» አለቀሱ።

በማግስቱ ገበያ ሲወጡ ቦርሳውን ትከሻቸው ላይ አንግበው ወጡ። «እማዬ፣ ለሊድያ የምወስደው እኮ ነው!» እያለች ብሩክታይት እስከ ታክሲው ተከተለቻቸው። ወያላው አህያዋን አየና «እማማ፣ አህያም ታክሲ መሳፈር ጀመረች?» አለ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ጎረቤቶቻቸውም እዚያው ሰልፉ ላይ ነበሩ።

ዘርፌ ቦርሳውን አልሸሸጉም። ልጃቸውም ለመቀበል የዘረጋችውን እጅ መለሰች።

«ልጄን ያሳደግኩባት ናት» አሉ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ስንት ዘመን ተሸከመችን። አሁን ተራው የእኔ ነው።»