የፓምፑ ክንፍ

ከይሪያ እምቢ ማለት አይሆንላትም። ኮምቦልቻ ውስጥ ሰፈሯን ብትጠይቁ ይሄን የማያውቅ የለም፤ ጨው የቸገረውም፣ ልጅ የሚጠብቅለት ያጣውም እሷ በር ላይ ነው። እሁድ ረፋዱ ላይ የባሏ አባት ጋሽ ሙዓዊያ ከገራዶ ድረስ መጥተው፣ በመሐረብ የጠቀለሉትን ነገር ሲያቀብሏትም ያው አመሏ ያዛት።

መሐረቡ ውስጥ ሦስት ቦታ የተሰበረ ፕላስቲክ ነበር፤ መዳፍ የሚያክል፣ ባለ ስድስት ክንፍ። የውሃ ፓምፕ ሆድ ውስጥ እየተሽከረከረ ውሃውን የሚገፋው እሱ ነው።

«ደሴ አምስት ሱቅ ዞርኩ፤ ፓምፑን እንዳለ ግዛ ነው የሚሉኝ» አሉ ሽማግሌው። «የሽንኩርቱን ችግኝ ካዛወርኩት ሳምንቱ ነው። እስከ ጁምዓ ውሃ ካላገኘ አለቀለት። አንቺ መቼም ፋብሪካ ሠርተሻል፤ ይቺ አታቅትሽም።»

ምን ትበል? እውነት ነው፣ ፕላስቲክ ፋብሪካ አራት ዓመት ሠርታለች። ግን ምን ሠራች? የማሽኑን በር ከፍታ የወጣውን ዕቃ ማንሳት፣ በሩን መዝጋት። በቃ! ከወለደች ወዲህ ደግሞ ጓሮዋ ውስጥ የብረት ቱቦ እሳት ላይ አድርጋ፣ የቀለጠውን ፕላስቲክ በመኪና ክሪክ እየተጫነች ሞልድ ውስጥ ታስገባለች፤ ሞልድ ማለት ያው ቅርጹን የሚያወጣው ብረት ነው። ክሪኩ የባሏ የጣሀ ነው። ጣሀ የጭነት መኪና ይዞ አፋር ወርዷል። እስከ ዛሬ የወጣላት የጀሪካን ክዳንና የባጃጅ መሪ እጀታ ነው። ክዳን ቢያንጠባጥብ ማን ይሞታል? ይሄ ግን የሰው አዝመራ ነው።

«ኢንሻአላህ አባባ፣ አያቅተኝም» አለች። አያችሁልኝ? ምላሷ ነው ጉዷ።

ሰኞ ስብርባሪውን በማጣበቂያ ገጣጥማ ድስት ሠሪው ሙዓዝ ዘንድ ወሰደችው። ሙዓዝ አሸዋ ላይ ቅርጽ እያተመ፣ አሉሚኒየም እያፈሰሰ ድስት የሚያወጣ ሰው ነው። «ድስት ይሻለኛል፤ ድስት ክንፍ የለውም!» እያለ ቢያማርርም ማክሰኞ ከሰዓት ሞልዱን አደረሰላት።

መዘዙ የመጣው ከጎረቤት ነው። የጋሽ ሙዓዊያ ሽንኩርት ሊደርቅ ነው ሲባል ሰፈሩ ሰማ። የወሎ ሰው ደግሞ ባዶ እጁን ይመጣል? አንዷ የተሰነጠቀ ቢጫ ጀሪካን፣ አንዷ ባዶ የውሃ ሃይላንድ በማዳበሪያ ሙሉ፣ አንዷ እግሩ የተሰበረ የፕላስቲክ ወንበር ይዛ ግቢውን ሞሉት። እትዬ መርየምማ ሟች ባላቸው ሃያ ዓመት ሙሉ ውዱእ ያደረጉበትን የፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ ይዘው መጡ።

«የሱ በረካ ይግባበት» አሉ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ።

ይሄ እንዴት ይመለሳል? ከይሪያ ፋብሪካ ሳለች ጥሬ ዕቃው በየዓይነቱ ለየብቻ ሲቀመጥ አራት ዓመት አይታለች። ልቧ ያውቀዋል። ግን ይሉኝታ! ማንም እንዳይከፋ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ቆረጠች፤ ከማንቆርቆሪያው ሳይቀር እጀታውን ጎመደች፤ አንድ ላይ ቱቦው ውስጥ ጨመረችው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? ፕላስቲኩ ድር መስሏት!

ረቡዕ ጧት ሞልዱን ስትከፍተው ክንፉ አምሮበት ወጣ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ከይሪያ በአውራ ጣቷ ገፋ አደረገችው። ቀጭ! እንደ ደረቅ ቂጣ ተሰበረ። ሁለተኛውም ቀጭ። ሦስተኛው ከሞልዱ ሳይወጣ ተሰነጠቀ። እልልታው ቆመ። እትዬ መርየም ብቻ «አብሽሪ፣ ማንቆርቆሪያው አንሶት ይሆናል፤ ጨምሪበት» አሉ።

በዚህ መሐል ስልኳ ጮኸ። ጋሽ ሙዓዊያ ናቸው። «የችግኙ ጫፍ ቢጫ ማለት ጀመረ» አሏት። ከይሪያ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች፤ ከዚህ በላይ መሸከም አልቻለችም።

«አባባ፣ አውፍ ይበሉኝ። ፋብሪካ እኔ በር መክፈትና መዝጋት ነበር ሥራዬ። ሌላ የማውቀው የለኝም።»

ሽማግሌው ሲስቁ ሰማች።

«ይሄንንማ ጣሀ ድሮ ነግሮኛል። አዋቂ ፈልጌ የመጣሁ መሰለሽ? አዋቂዎቹማ አምስቱ ሱቅ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ መሐረቡን እንኳ ፈትተው አላዩልኝም። አንቺ ፈትተሽ አየሽ።»

ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል፤ ልቧ ግን ቀሎላታል። ማድረግ ያለባትንም አውቃለች፤ ፕላስቲኩን በየዓይነቱ መለየት ነው። ታዲያ እትዬ መርየምን ፊት ለፊት «ማንቆርቆሪያዎ አይሆንም» ማለት? ሞቷ ነው! ስለዚህ ያደረገችውን ስሙ። ትልቁን የልብስ ሳፋ ውሃ ሞልታ ግቢው መሐል አስቀመጠች።

«እህቶቼ፣ ሁላችሁም ካመጣችሁት ቁራጭ ቁራጭ ጣሉበት። የተንሳፈፈው ይቀልጣል። የሰመጠው ከሱ ጋር አይስማማም፤ ለባለቤቱ ይመለሳል። ፈራጁ ውሃው ነው፤ እኔ የለሁበትም።»

ጨዋታ ሆነ። ቢጫው ጀሪካን ተንሳፈፈ። ሃይላንዱ ሰመጠ፤ ክዳኑ ግን ተንሳፈፈ፤ «እናትየዋ ሰምጣ ልጇ ዳነች!» ብለው ተንጫጩ። ወንበሩም ወረደ። እትዬ መርየም ቁራጫቸውን «ቢስሚላህ» ብለው ሲጥሉት እንደ ድንጋይ ጠለቀ። እሳቸው ወደ ሳፋው ጎንበስ ብለው አዩና «እሱ ድሮም ዋና አይችልም ነበር» አሉ። ግቢው በሳቅ አለቀ። ከዚያ እጀታ የለሽ ማንቆርቆሪያቸውን እቅፍ አድርገው፣ ለከይሪያ ጠጋ ብለው ሹክ አሏት፦ «ባዶ እጄን መምጣት አፍሬ ነው እንጂ ልቤስ አልፈቀደም ነበር።»

ሐሙስ ቢጫውን ጀሪካንና ክዳኖቹን ብቻ አጥባ፣ አድርቃ አቀለጠች። ፕላስቲኩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ክሪኩን ሳትለቀው ያዘችው፤ ክንዷ ዛለ። ሞልዱን ከፍታ አንዱን ክንፍ በአውራ ጣቷ ስትገፋው ጎበጠ፤ ስትለቀው ተመልሶ ቀና። ደግማ ገፋችው፤ ደግሞ ቀና። «ያረቢ!» ብላ ጮኸች፣ ብቻዋን።

ጁምዓ በመጀመሪያው ሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጥታ፣ በደሴ አድርጋ ገራዶ ደረሰች። ጋሽ ሙዓዊያ ፓምፑን ፈትተው ይጠብቋታል። የክንፉን የመሐል ቀዳዳ በሞረድ ትንሽ አሰፋችና ገጠመችው። ሞተሩ ተነሳ፤ ቱቦው አየር ተነፈሰ እንጂ ውሃ የለም። ሽማግሌው ፊታቸውን አዞሩ። ከይሪያ አጥፍታ፣ የፓምፑን ሆድ በጣሳ ውሃ ሞልታ እንደገና አስነሳችው። ቱቦው አበጠ፤ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ውሃው ቡልቅ ብሎ ቦዩ ውስጥ ወረደ። ከአስራ አንዱ መደብ ሦስቱ አልቀዋል፤ ስምንቱ ገና ነፍስ አላቸው። ጋሽ ሙዓዊያ «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» እያሉ ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ። ከይሪያ አለቀሰች፤ ምን ታድርግ፣ ደስ ብሏታል።

የሞተሩን ድምፅ የሰማ ጎረቤት ገበሬ፣ ጀላል፣ ዶማውን ተሸክሞ ከች አለ።

«ጋሽ ሙዓዊያ፣ ለጎመኔም ትንሽ ልቀቁልኝ እንጂ።»

«እኔን አትጠይቀኝ» አሉ ሽማግሌው ከተቀመጡበት። «የውሃው ባለቤት ያቻት።»

ጀላል ወደ ከይሪያ ዞረ። እሷ ቦዩን አየች፤ ውሃው ገና ሦስተኛው መደብ ላይ ነው።

«አይሆንም፣ ጋሽ ጀላል» አለች። «መጀመሪያ የእኛ ይጥገብ። ከጁምዓ ሶላት መልስ ተራው የእርስዎ ነው።»

ጋሽ ሙዓዊያ ኮፍያቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ከይሪያ ግን አልሳቀችም፤ የጀላልን ዶማ ተቀብላ አራተኛውን መደብ ከፈተች።