ማስረጃ ቁጥር አንድ፦ አንድ ሊትር የካምቢዮ ዘይት

ሠላሳ ዓመት ጋዜጣ ላይ ስከራከር ተሸንፌ አላውቅም። ብዙ ጊዜ ተሳስቻለሁ፤ እሱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ስለ ውሃ ክፍፍል፣ ስለ ሥርዓተ ነጥብ፣ ስለ ከንቲባው ጽሕፈት ቤት መጋረጃ ሳይቀር ጽፌአለሁ። ስለ መኪና የማውቀው ቁልፉ የት እንደሚገባ ብቻ ነበር፤ ይህም ቢሆን አስተያየት ከመስጠት አላገደኝም።

ልጄ የሕግ ትምህርቷን ሦስተኛ ዓመት ላይ ትታ መካኒክ ስትሆን አንድ ወር አኮረፍኩ። በሁለተኛው ወር ባለቤቴ ማኩረፌን ማንም እንዳላስተዋለ ነገረችኝ። ልጅቷ ሁለት መኪና የሚያስገባ ጋራዥ ከከፈተች በኋላም ስድስት ወር ሙሉ በደጃፉ አላለፍኩም። በመጨረሻ ባለቤቴ፣ "አንተ ሰውዬ፣ የሰፈሩ መኪና ሁሉ ገብቶ ያንተ ብቻ ነው የቀረው። ቅዳሜ ወስደህ ታሳያታለህ፤ አለቀ" አለች። አለቀ። ቤት ውስጥ የሚደርስብኝን ሽንፈት አልቆጥርም።

ልጄ ኮፈኑን ከፍታ ጎንበስ አለች።

"አባዬ፣ የካምቢዮ ዘይቱ መቼ ነው የተቀየረው?"

"አይቀየርም። ስገዛው ዕድሜ ልኩን ያገለግላል ብለውኛል።"

"የማንን ዕድሜ?"

"የመኪናውን ነዋ!"

"አልዋሹህም። ዘይቱ ካልተቀየረ የመኪናው ዕድሜም እዚያው ላይ ያበቃል።"

መለኪያውን ስባ ነጭ ወረቀት ላይ ጠረገችው። ቀይ መሆን የነበረበት ዘይት የከረመ ሻይ መስሏል፤ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። በየስድሳ ሺህ ኪሎ ሜትሩ መቀየር ነበረበት፣ ዳገትና መጨናነቅ ለሚበዛበት መኪና ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ፤ የእኔው መቶ አርባ ሺህ ሄዷል።

ከዚያ ከሥር ገባች። አሮጌውን አፈሰሰች። ኮፓውን፣ ማለትም ዘይቱ የሚጠራቀምበትን የታችኛውን ሳህን፣ ፈትታ አጠበች፤ ማግኔቱ ላይ የተለጠፈውን የብረት ብናኝ ጠረገች፤ ፊልትሮውንና የኮፓውን ማሸጊያ ጋስኬት ቀየረች። የወጣውን ለክታ ያንኑ ያህል አዲስ ጨመረች። ሞተሩን አስነስታ ማርሹን ከአንዱ ወደ ሌላው ካዘዋወረች በኋላ፣ ሞተሩ እየሠራ እንደገና ለካች። ይህን ሁሉ ያወቅኩት በኋላ በደረሰብኝ ነገር ነው። ያን ዕለት እሷ እየሠራች ስታብራራልኝ እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ የራሴን ጽሑፍ አነብ ነበር። አራሚው አንድ ነጠላ ሰረዝ አጥፍቶብኝ ስለነበር ለሌላ ነገር ጆሮ አልነበረኝም።

"ገባህ አባዬ?"

"በሚገባ" አልኳት።

እሑድ ጠዋት ግቢዬ ውስጥ ያደረውን መኪና ኮፈን ከፍቼ መለኪያውን ሳብኩ። ቁጥጥር መብት ነው ብዬ ሠላሳ ዓመት ጽፌ እንዴት አልቆጣጠር? ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ሁለት ጣት አልፏል! ደሜ ፈላ። ቤት ገብቼ "ለጋራዡ ባለቤት" ብዬ ጀመርኩና በአራት ወረቀት ጨረስኩ። የገዛ ልጄን ከላይ እስከ ታች "እርስዎ" አልኳት። ሦስተኛው ወረቀት ላይ እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር አለ፦ "የጀመሩትን ትምህርት ያልጨረሱ ሰው የጀመሩትን ሥራ በልኩ ይጨርሳሉ ብሎ መጠበቅ የእኔ ጥፋት ነው።" በጣም ስለወደድኩት ድምፄን ከፍ አድርጌ ሁለቴ አነበብኩት።

ቀጥሎ ከአትክልት ማጠጫው ላይ ቀጭን ጎማ ቆርጬ፣ ትልቅ ሲሪንጅ ገጥሜ፣ "ትርፉን" አንድ ሊትር በመለኪያው ቀዳዳ መጠጥኩ። በማርማላታ ጠርሙስ አድርጌ "ማስረጃ ቁጥር አንድ" የሚል ወረቀት ለጠፍኩበት። ንዴቱ ወደ ጋራዡ የሚወስደውን ዳገት በእግሬ አስወጣኝ። ጋራዡ ዝግ ነበር፤ ደብዳቤውን በበሩ ሥር አሾልኬ ጠርሙሱን ደጃፉ ላይ አስቀመጥኩ። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ሰኞ ጠዋት ባለቤቴን ወደ ሥራዋ ሳደርስ የአፍንጫ መጥረጊያ ልትፈልግ የዳሽቦርዱን መሳቢያ ከፈተች።

"የልጅቷ ጽሑፍ ነው" ብላ ማንበብ ጀመረች። "'አባዬ፣ ስነግርህ እንዳልሰማኸኝ ስላየሁ ጻፍኩልህ። አንተ የምታምነው የተጻፈ ነገር ብቻ ነው። ዘይቱን ስትለካ መኪናው ሞቆ፣ ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ ይሁን። ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ወደ ታች ስለሚመለስ የበዛ ይመስልሃል። አትደንግጥ።'"

ደነገጥኩ።

"ምን ሆንክ?"

"ደብዳቤ ጽፌላታለሁ። በበሯ ሥር ነው ያለው።"

"ስንት ወረቀት?"

"አራት።"

"በሁለቱም በኩል?"

"በሁለቱም በኩል።"

"በል ንዳ!" አለች።

ጋራዡ የሚከፈተው ሁለት ሰዓት ነው፤ ሃያ ደቂቃ ቀርቶናል። ደውዬ "ደብዳቤውን አታንብቢ" ብላት የእኔ ልጅ ናት፤ ቆማ ሁለቴ ታነበዋለች። ሜዳውን እየበረርን ጨረስነው። ዳገቱ ላይ ግን ነዳጅ ስሰጥ ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናው ንቅንቅ አላለም። ይበልጥ ሰጠሁ፤ ይበልጥ ጮኸ። ከኋላ ክላክስ በክላክስ ሆነ። ጩኸት እንጂ ጉዞ የለም። የገዛ ጽሑፎቼን አስታወሰኝ።

"ምን ነካው?"

"አንድ ሊትር ዘይት ቀንሼለታለሁ።"

"የቀነስከውን መልስበታ!"

"ማስረጃ ነው። እሱም በሯ ላይ ነው።"

ባለቤቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። የምታለቅስ መስሎኝ ላጽናናት ነበር።

መኪናውን ለእሷ ትቼ በእግሬ ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በክራቫት። ስደርስ በሩ ተከፍቷል። ልጄ ቱታዋን ለብሳ በርጩማው ላይ ተቀምጣለች፤ ጠርሙሱ እግሯ ሥር ነው፤ ሦስተኛው ወረቀት ላይ ደርሳለች።

"ሞተሩን አጥፍተህ ነው የለካኸው?" አለች ቀና ሳትል።

"አዎ።"

"ያደረ መኪና?"

"አዎ።"

"የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አስቀውኛል። 'እርስዎ' ስትለኝማ አንዲት አሮጊት ከኋላዬ የቆመች መስሎኝ ዞሬ ነበር።" ከዚያ ጣቷን በዚያች ዓረፍተ ነገር ላይ አሳረፈች፤ የዘይት አሻራ ቀረባት። "ይቺ ግን ስለ ዘይት አይደለችም።"

እየሮጥኩ ሦስት መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ሦስቱም ጥሩ ነበሩ። ሦስቱንም ተውኳቸው።

"አይደለችም" አልኩ። "ልጄ ጠበቃ ትሆናለች እያልኩ ለሰው ሁሉ አውርቼ ነበር። አንቺ ትምህርቱን ስትተዪ ወሬዬ ሜዳ ላይ ቀረ። ያስቆጣኝ እሱ ነው። ተሳስቻለሁ።"

"ምን አልክ?"

"ሰምተሽኛል።"

"ሰምቻለሁ። እኔ ሰው ሲናገር እሰማለሁ።"

አዲስ ዘይትና ማንቆርቆሪያ ይዛ ተነሳች። የጠርሙሱን እንድንመልሰው ሐሳብ ባቀርብ፣ "በአትክልት ጎማ ያለፈውን? እሱ ለማስረጃነት ይቀመጥ" አለች። ወርደን መኪናውን ከባለቤቴ ጋር ወደ ኋላ እያንሸራተትን ሜዳው ላይ መለስነው። ከመሪው ኋላ አስቀመጠችኝ፤ ሞተሩን አስነሳሁ። "ወደ ኋላ አስገባ" ስትለኝ አስገባሁ፤ "አሁን ወደ ፊት" ስትለኝ ወደ ፊት። እሷ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመረች ትለካለች። አንድም አስተያየት አልሰጠሁም። ባለቤቴ ሰዓቷን ይዛ ስትቆጥር አሥራ አንድ ደቂቃ ነው ዝም ያልኩት።

ቅጣቴን የወሰነችው እዚያው ነው፤ ለደንበኞቿ የካምቢዮ ዘይት አለካክ ጻፍልኝ አለች፤ ግማሽ ገጽ፣ ስድብ የሌለበት። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ጽሑፍ የለም። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ "ደንቆሮ" የሚለውን ሰረዘችው፤ በሁለተኛው "አላዋቂ" የሚለውን። ሦስተኛውን አንብባ መጨረሻው ላይ ቆመች፦ "ራሳቸውን አዋቂ ያደረጉ አንዳንድ ጋዜጠኞች ሞተሩን አጥፍተው ይለካሉ።"

"ስድብ የሌለበት ብዬህ ነበር።"

እስክሪብቶዬን አውጥቼ ልሰርዘው ስል እጄን ያዘችኝ።

"ተዋት፤ እሷ ትቆይ" አለች።

ጽሑፉ እስከ ዛሬ ጋራዡ ግድግዳ ላይ፣ ከማርማላታው ጠርሙስ በላይ ተለጥፏል። አንድ ነጠላ ሰረዝ ይጎድለዋል። ያጠፋችብኝ ልጄ ናት፤ አይቼ ዝም ብያለሁ።