ፍርድ የሌለው አውጫጭኝ

በልጉ ቀረ። ክረምቱ ዘግይቶ ገባ። መስከረም ላይ ስንዴው ሊያሽት ሲል በረዶ ወረደበት። ኅዳር ላይ አውድማ የለቀለቀ ቤት ጥቂት ነበር። በሬ ያለው ሸጠ፤ ጉልበት ያለው አገር ለቆ ሄደ። ብርሀንነሽ ዓረብ አገር ሄደች። ልጇን ይታይሽን ከልጅቱ እንጀራ አባት ከአራጌ ጋር ትታ ነው የሄደችው።

ከዚያ ወዲህ ልጅቱ ከትምህርት ቤት ቀረች። ውኃ ቀድታ ከሴቶቹ ጋር አትመለስም፤ ሰው ሁሉ እስኪሄድ ምንጩ አጠገብ ትቆማለች። ያላየ አልነበረም። የሰው ጓዳ አይገለጥም እየተባለ ታለፈ።

ጥር ላይ እሌኒ የምትባል ልጅ ከደሴ መጣች። በቤተሰብ ውስጥ በሴትና በልጅ ላይ የሚደርሰውን መደፈር እንደምታጠና ለተሰበሰበው ሰው ተናገረች። አራጌ ከኋላ ሆኖ ጠየቃት።

"ባል አለሽ?"

"የለኝም።"

"ታዲያ የባለትዳር ቤት ምንሽ ነው?"

ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። "ስለማላውቀው ነው የምጠይቀው" አለች።

ቤት ለቤት ስትዞር አባወራው እየተቀመጠ ስለ ሚስቱም ስለ ልጁም እሱ መለሰላት። ይህ አልሆን ሲላት ሴቶቹን አንድ በአንድ ከመንደሩ ዳር ካለው ወይራ ሥር ጠራቻቸው። ነገሩ የተሳሳተው እዚያ ላይ ነው። እኛ ዘንድ ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ተገድሎ ሲገኝ አውጫጭኝ እንቀመጣለን። ያየ ሰው ለተመረጡ ሽማግሎች በምስጢር ይነግራል። ተናጋሪው ወፍ ይባላል፤ ስሙ አይነሣም። ሽማግሎቹ ግን በወፏ ቃል ጥፋተኛውን አደባባይ ያወጡታል። ሴቶቹ የእሌኒን ጥያቄ እንዲያ አድርገው ያዙት። ባሏ የሞተባት አልታዬም ሄዳ አራጌ ይታይሽን የሚያደርጋትን ነገረቻት።

ሰው ፍርዱን ጠበቀ። አራጌም ጠበቀ፤ ወይራው ሥር ማን ብዙ እንደቆየ እየጠየቀ ዞረ። አልታዬን ወፍጮ ቤቱ ደጅ አገኛት።

"እት አልታዬ፣ ወፍ ሆንሽ አሉ። ክንፍሽን ጠብቂ።"

"ጭልፊትስ አንተ ነህ። እሱም ጫጩት ላይ።"

እሑድ እሌኒ ሻንጣዋን ይዛ ልትሰናበተን መጣች። አልታዬ መንገዱ ላይ ቆመችባት።

"ፍርዱስ?"

"የምን ፍርድ?"

"የነገርኩሽ ነዋ። ልጅቱ እኮ እዚያው ቤት ናት።"

እሌኒ ፊቷ ተለወጠ። "እኔ መፍረድ አልችልም። ለሚመለከታቸው ተናግሬያለሁ፤ ስሙን ሰጥቶ የሚመሰክር ሰው ይፈልጋሉ። የእርስዎን ስም አልሰጥም ብዬ ደግሞ ቃል ገብቻለሁ።"

አልታዬ ወደ እኔ ዞረች። "አያ አለኸኝ፣ አንቱ ሽማግሌ ነዎት። እውነቷን ነው?"

"ጠያቂ ናት" አልኳት። "ፈራጅ አይደለችም።"

አልታዬ መቀነቷን አጠበቀች። "እንግዲያስ ስሜን ስጪ" አለቻት።

ወደ አራጌ ቤት ስትወርድ ተከተልናት። እሱ ደጁ ላይ ተቀምጧል።

"ማንን ፈለግሽ?"

"ይታይሽን።"

"አባቷ እኔ ነኝ።"

"አባቷን ቀብረነዋል።"

ሊነሣ ሲል ዱላዬን ተክዬ አጠገቡ ቆምኩ። ጎረቤቱ ከየደጁ ወጥቶ ያያል። ተመልሶ ተቀመጠ። ልጅቱ ከውስጥ ወጣች፤ ማንንም አላየችም።

"አብሽሪ ልጄ" አለቻት አልታዬ። "ነይ፣ እንሂድ።"

መካነ ሰላም ፖሊስ ጣቢያ ስንደርስ ቃል የምትቀበለው ፖሊስ አልታዬን "የልጅቱ ምኗ ነዎት?" አለቻት።

"በሥጋ ባዕድ ነኝ።"

"ታዲያ እንዴት እርስዎ መጡ?"

አልታዬ ሰምተነው የማናውቀውን ተናገረች። "ልጅ ሳለሁ አጎቴ ቤት ነበርኩ። ያም ቤት እንዲሁ ነበር። የዚች ልጅ አያት የሺእመቤት ገብታ አወጣችኝ። ከልጆቿ ጋር አሳደገችኝ፣ ዳረችኝ። እስክትሞት ድረስ አንድ ቀን እንኳ ውለታዋን አላነሣችም።"

"ልጅቱ አሁን የት ትቆያለች?"

"እናቷ እስክትመጣ እኔ ዘንድ። ከዚያም ወዲያ ከወደደች እኔ ዘንድ።"

አራጌ ገና አልተያዘም ነበር። አልታዬ ይህን እያወቀች አውራ ጣቷን ቀለም ውስጥ ነክራ በስሟ ላይ አሳረፈች። ከጣቢያው ስንወጣ "የየሺእመቤት ዕዳ ነበረብኝ" አለችኝ። "ዛሬ ከፈልኩ።"